አኩፋዳና ባርኔጣ

የመርጡለ ማርያም የቅኔ ተማሪና የአሜሪካ የኩዌከር ኮሌጅ ተማሪ ተያይተው አያውቁም። ያነጿቸው ሰዎች ግን ተማሪ እንዴት መኖር እንዳለበት ሲያስቡ ብዙ ቦታ ላይ ተገናኝተዋል፤ አንዳንድ ቦታ ላይ ደግሞ ጀርባ ለጀርባ ቆመዋል።

መርጡለ ማርያም ላይ መምሸቱን ቀድሞ የሚናገረው ውሻ ነው። ፀሐይ ወደ ጮቄ ስታዘቀዝቅ፣ ከብቱ ሲገባ፣ የእራት ጭስ በየቤቱ ክዳን ላይ ሲተኛ፣ ተማሪዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ከጎጇቸው ይወጣሉ። ትከሻቸው ላይ ደበሎ፣ በእጃቸው ዱላ፣ በጎናቸው አኩፋዳ። ከአጥሩ ውጭ ይቆሙና «በእንተ ስማ ለማርያም!» ይላሉ። መጀመሪያ ውሻው ይመልሳል። ቀጥላ እማወራዋ ትመልሳለች፤ ካላት ቁራሽ እንጀራ፣ ካልጋገረች አንድ እፍኝ ቆሎ፣ እሱም ከሌለ «እግዜር ይስጥህ ልጄ»። ተማሪው ያገኘበትንም ያጣበትንም ቤት መርቆ ያልፋል።

አገሩ የጎጃም እነብሴ ሳር ምድር ነው፤ ከቢቸና ሞጣ መንገድ ወደ ምሥራቅ ተገንጥሎ ወደ ዓባይ በረሃ የሚያቀና ሰው ያገኘዋል። ከተማው ስሙን የወሰደው ከቤተ ክርስቲያኑ ነው። መርጡል በግዕዝ አዳራሽ ማለት ነው፤ የማርያም አዳራሽ። የደብሩ ትውፊት ወደ ኦሪት ዘመን ይወስደናል፤ ከአክሱም፣ ከጣና ቂርቆስና ከተድባበ ማርያም ጋር የኦሪት መሥዋዕት ከተሠዋባቸው አራት ቦታዎች አንዱ ነው ይላል። ታሪክ ጸሐፊዎች ይበልጥ የሚተማመኑት በቅርቡ ዘመን ነው። በግቢው ውስጥ የቆመው የፈረሰ ሕንፃ፣ ሐረግና አበባ የተፈለፈለበት ጥርብ ድንጋይ፣ የእቴጌ እሌኒ ሥራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1509 አርመናዊውን ማቴዎስን ወደ ፖርቱጋል መልእክተኛ አድርጋ የላከችው ያችው እሌኒ። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በሱስንዮስ ዘመን፣ ኢየሱሳውያን መጥተው በፍርስራሹ ላይ እንደገና ሠሩ። ብዙም ሳይቆዩ እነሱም ተባረሩ። ድንጋዩን የቀረጹትም ያስቀረጹትም ሄደዋል፤ ከአጥር ውጭ የሚቆመው ተማሪ ግን ዛሬም አለ።

ስለዚህ ተማሪ ሁላችንም ግማሹን እናውቃለን። ረሃቡን፣ ብርዱን፣ ውሻውን እናውቃለን። ቸግሮት የሚለምን ይመስለናል። የአባቱ ጎተራ ሞልቶ የተረፈ ልጅም ግን ይለምናል። ሆን ብሎ ከትውልድ ቀዬው ይርቃል፤ የማን ልጅ እንደሆነ በማይታወቅበት አገር፣ ስሙን በማይጠራው ሰው ደጅ ይቆማል። የባለ ጸጋውና የምንዱባኑ ልጅ አንድ ዓይነት ደበሎ ለብሰው፣ በአንድ ዓይነት ቃል ለምነው፣ አንድ ጎጆ ውስጥ ያድራሉ። ልመናው ከትምህርቱ በፊት የሚከፈል ዋጋ አይደለም፤ ራሱ ትምህርት ነው። ይህን ስል የሚቆጡ አሉ፤ ወደነሱ እመለሳለሁ።

የአጃው ሰውዬ

አዲስ አበባ ውስጥ ሱፐርማርኬት የገባ ሰው በአጃ ጣሳ ላይ ሰፊ ባርኔጣ ያደረገ፣ ጠጉሩ የነጣ፣ ፈገግ ያለ ሰውዬ አይቷል። ከሥሩ «ኩዌከር» ይላል። ብዙዎቻችን ቃሉን የምናውቀው ከዚያ ነው፤ በጎጃም እንግዶ የምንለውን እህል የሚሸጥ ፈረንጅ። ኩባንያው ግን ከኩዌከሮች ጋር ሥጋም ሃይማኖትም አያዛምደውም። እ.ኤ.አ. በ1877 ስሙን የንግድ ምልክት ያደረጉት ሰዎች የተመኙት የኩዌከሮችን ዝና ነበር። ኩዌከር ነጋዴ አንድ ዋጋ ተናግሮ፣ ለአዋቂውም ለሕፃኑም በዚያው ዋጋ የሚሸጥ ሰው ተብሎ ይታወቅ ነበርና።

የእምነቱ መነሻ በ17ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ፣ እንግሊዝ በእርስ በርስ ጦርነት ስትታመስ ነው። ጆርጅ ፎክስ የሸማኔ ልጅ ነበር፤ እሱ ራሱ የጫማ ሥራ ተምሯል። በኛ አገር ቢሆን ሁለቱም ሙያ ያሰድበው ነበር። ትምህርቱ አጭር ነው፦ በእያንዳንዱ ሰው ውስጥ የእግዚአብሔር ብርሃን አለ፤ ስለዚህ አማላጅ ቄስ አያስፈልግም፤ ስለዚህ ጌታና ሎሌ የለም፤ ስለዚህ ሰው አይገደልም። ከዚያች አንዲት ሐሳብ ሌላውን ሁሉ መዘዙት። በዳኛ ፊት ባርኔጣ አናወልቅም ብለው ታሰሩ። አንምልም አሉ፤ የሚምል ሰው ሳይምል ሊዋሽ እንደሚችል እያመነ ነው በሚል። «ኩዌከር»፣ ተንቀጥቃጭ፣ አንድ ዳኛ እ.ኤ.አ. በ1650 ለፌዝ የለጠፈባቸው ስም ነው። እነሱ ራሳቸውን የሚጠሩት «ወዳጆች» ብለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 የአሜሪካና የብሪታንያ የእርዳታ ድርጅቶቻቸው የኖቤል የሰላም ሽልማትን ተካፍለዋል። ወደኛ በኩል ብንመለከት፣ እ.ኤ.አ. በ1902 ምዕራብ ኬንያ፣ ካይሞሲ ላይ የተከሉት ሚሲዮን ዛሬ ኬንያን ከዓለም ብዙ ኩዌከሮች ያሉባት አገር አድርጓታል።

ኮሌጆቻቸው አሜሪካ ውስጥ ናቸው፤ ሃቨርፎርድ እ.ኤ.አ. በ1833፣ ጊልፎርድ በ1837፣ ኧርልሃም በ1847፣ ስዋርዝሞር በ1864 ተመሠረቱ። ሆን ብለው ትንሽ ሆነው የቀሩ ናቸው። የሚሰጡት ትምህርት ሊበራል አርትስ ይባላል፤ ተማሪው ለአንድ ሙያ ብቻ አይሰለጥንም፤ ሒሳቡንም፣ ቋንቋውንም፣ ታሪኩንም፣ ባዮሎጂውንም ቀምሶ ማሰብን ይለምድ የሚል ነው። ለዚህ መሠረት የሆነው ጥንታዊው የአውሮፓ ሥርዓት በሦስት ነገር ይጀምር ነበር፦ ሰዋስው፣ አመክንዮ፣ የአነጋገር ጥበብ። የቅኔ መምህር ይህን ቢሰማ «ታዲያ ይሄማ ግስ፣ አገባብና ዘረፋ ነው» ይል ይሆናል።

ጫካ ውስጥ የሚጠበቅ ቃል

የቅኔ ቤት ቀን የሚጀምረው በመበተን ነው። ማለዳ ተማሪዎቹ አንድ ላይ አይቀመጡም፤ እያንዳንዱ ብቻውን ወደ ጫካው፣ ወደ ወንዙ ዳር፣ ወደ መቃብሩ ጥግ ይሄዳል። ይህ ቆጠራ ይባላል። ወረቀት የለም፤ እርሳስ የለም። የኔታ ትናንት ማታ ያወረዱለትን ግስ እያመላለሰ፣ ነጠላውን ተከናንቦ፣ ቃል እስኪመጣለት ይጠብቃል። መንገደኛ ሲያየው ያበደ ይመስለዋል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለውም።

ጀማሪው የሚቆጥረው ጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ስንኝ። እሷ ስትቃና ወደ ባለ ሦስት ስንኙ ዘአምላኪየና ሚበዝኁ፣ ወደ ዋዜማ፣ ወደ ሥላሴ፣ ወደ ባለ ስምንት ስንኙ መወድስ ያድጋል። እስከ መወድስ የደረሰ ተማሪ «ቤት ሞላ» ይባላል። ከሰዓት በኋላ ተመልሶ በየኔታ ፊት ይቆምና የቆጠረውን ይናገራል። ያኔ ነው ፍርዱ። ግሱ ከተሳሳተ፣ ሰሙ ከወርቁ ጋር ካልተጋጠመ፣ ጓደኞቹ ሁሉ በሚሰሙበት ይታረማል። ሰምና ወርቅ የሚለውን ነገር ሁላችን እንጠቅሰዋለን፤ ከየት እንደመጣ የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። አንጥረኛ ጌጥ ሲሠራ መጀመሪያ ቅርጹን በሰም ያወጣል፣ ሰሙን በጭቃ ይለብጣል፣ እሳት ሲያገኘው ሰሙ ቀልጦ ይወጣና ባዶ የቀረውን ቦታ የቀለጠ ወርቅ ይሞላዋል። ስለዚህ ሰሙ ሊጣል ነው የሚሠራው፤ ነገር ግን ሰሙ ከተጣመመ ወርቁም ጠማማ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ይህ ነው፦ ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይባልም። ዜማ ቤት የሚማረው ጓደኛው ድጓውን እንደተቀበለው ጠብቆ ያስተላልፋል፤ የቅኔ ተማሪ ግን በየቀኑ ያልነበረ ነገር ይዞ መምጣት አለበት። ከፊደል እስከ መጽሐፍ ትርጓሜ ባለው የአብነት ትምህርት ውስጥ፣ ከቃል ጥናት ወጥቶ ተማሪውን «አንተስ ምን ትላለህ?» የሚለው ይህ ቤት ነው።

*«ዜማ ቤት የተቀበልከውን መልስ ይላል፤ ቅኔ ቤት ያልተቀበልከውን አምጣ ይላል።»*

ጥንታዊውን ሥርዓት የያዙ ኩዌከሮች ለጸሎት ሲሰበሰቡ መዝሙር የለም፣ ስብከት የለም፣ መሠዊያ የለም። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ዝም ይላሉ። ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት። የሚናገር ነገር የመጣለት ሰው ይነሣል፣ ይናገራል፣ ይቀመጣል፤ ጸጥታው መልሶ ይዘጋበታል። በኮሌጆቻቸው ስብሰባ የሚጀመረው በአፍታ ዝምታ ነው፤ ሃይማኖት የሌለው ተማሪ እንኳ ይህን ይለምደዋል። የተማሪው ጫካና የኩዌከሩ አግዳሚ ወንበር ዝምድና አላቸው ብል የሚቃወመኝ አይጠፋም። ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ አንዱ ዝም የሚለው ብቻውን ነው፣ ሌላው ከሰው ጋር። ደግሞም ከአግዳሚ ወንበር ተነሥቶ የተናገረን ሰው «ግስህ ተሳስቷል» የሚለው የለም። ለተማሪ የትኛው ይበጀዋል ብትሉኝ፣ እኔ የኔታ ቢያርሙኝ እመርጣለሁ።

ፈታኝ የሌለበት ፈተና

ሃቨርፎርድ ላይ ተማሪ ፈተና የሚወስድበት ክፍል ውስጥ የሚጠብቅ ሰው አይቆምም። የክብር ሕግ የሚሉት አላቸው፤ የሚያጸድቁት በየዓመቱ ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ ጥሰት ሲኖር የሚያዩትም እነሱ ናቸው። ማን ከማን በለጠ የሚል የደረጃ ዝርዝር አይለጠፍም። ኧርልሃም ላይ ደግሞ ነገር በድምፅ ብልጫ አይወሰንም፤ ሁሉም እስኪስማማ ይነጋገራሉ፣ አንድ ሰው ከልቡ ካልተቀበለው ይቆያል። ጎጃም ውስጥ ዋርካ ሥር የተቀመጡ ሽማግሎች እጅ አውጡ ሲሉ የሰማ አለ? ነገሩ እስኪበስል ቡና ይጠጣል፣ ይማከራል፣ ለነገ ይቀጠራል። የኩዌከር ስብሰባ እንግዳ የሚሆነው ለፓርላማ ሰው ነው፤ ለእነብሴ ገበሬ አይደለም።

ቅኔ ቤትም ማርክ የለውም። ሴሚስተር የለውም፤ አንዱ በሁለት ዓመት የሚሞላውን ቤት ሌላው በስድስት ይሞላዋል፤ ዘገየ ብሎ የሚያባርረው የለም። የኔታ ለትምህርቱ ክፍያ አይቀበሉም። ተማሪው እንጨት ይፈልጥላቸዋል፣ ውኃ ይቀዳላቸዋል፣ ቤታቸው ሲያፈስስ ይከድንላቸዋል። የበሰለው ተማሪ ለጀማሪው ግስ ያስቀጽላል፤ ራሱ ገና እየተማረ ያስተምራል። የታመመ ካለ ሌሎቹ በስሙ ለምነው ያመጡለታል። አብነት ትምህርት ቤት ያለፉ ሰዎች፣ አሁን ቢሮ ውስጥ ከረባት አስረው የተቀመጡትም ጭምር፣ ስለዚያ ዘመን ሲያወሩ ከግሱ ይልቅ የሚያነሡት ይህን ነው፤ ማን ከማን ጋር እንደበላ፣ ማን ለማን እንደለመነ።

ሐዲስ ዓለማየሁ ከዚህ አገር የወጡ ሰው ናቸው፤ ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅና ዲማ ተምረዋል። ሁለቱ የኋለኞቹ ከመርጡለ ማርያም ሩቅ አይደሉም። የጻፉትን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበበ ሰው የተማሪ ቤት ሕይወት በዚያ መጽሐፍ ደም ሥር ውስጥ እንደሚዘዋወር ያውቃል።

ባርኔጣ፣ የኔታ፣ እማሆይ ገላነሽ

እዚህ ላይ መንገዱ ይለያያል። ኧርልሃም ላይ ተማሪ ፕሮፌሰሩን በመጠሪያ ስሙ ይጠራዋል፤ «ዶክተር» የለም፣ «ፕሮፌሰር» የለም። ባርኔጣ አላወልቅም ያለው የፎክስ እምቢታ እዚህ ድረስ መጥቷል። መርጡለ ማርያም ላይ ተማሪ የመምህሩን ስም አፉ ላይ አያመጣም፤ የኔታ ነው፤ «የእኔ ጌታ»። ፊታቸው ይቆማል፤ ሲያልፉ ይነሣል። አለንጋም አለ፤ ስለ አለንጋው እየሳቁ የሚያወሩ ሽማግሎች አሉ፣ ጠባሳቸውን የሚያሳዩም አሉ። በተማሪዎቹ መካከል ያለው እኩልነት ፍጹም ነው ማለት ይቻላል። ከተማሪው ወደ መምህሩ ያለው ርቀት ግን ገደል ነው።

ጉባኤው ውስጥ ሴቶችስ የት አሉ? እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን ጎጃም ያውቃቸዋል፤ ዓይነ ሥውር ነበሩ፣ ቅኔን ከአባታቸው ተምረው ወንዶችን አስተማሩ፣ ስማቸው ከታላላቆቹ ባለቅኔዎች ተርታ ገባ። እሳቸውን የጠቀሰ ሁሉ ግን ቀጥሎ ማንን ይጥራ? አንድ ስም ብቻ ደጋግመን የምናነሣው ሌላ ስም ስለቸገረን ነው። ሴት ልጅ በምሽት ከአጥር ውጭ ቆማ ልትለምን አትችልም ከተባለ፣ ልመናው ትምህርት የሆነበት ቤት ለእሷ ተዘግቷል ማለት ነው።

ኩዌከሮቹም ይህን ሰምተው ደረታቸውን አይንፉ። ማርጋሬት ፌል የተባለች ሴት እ.ኤ.አ. በ1666 ሴቶች በጉባኤ የመናገር መብት እንዳላቸው የሚሟገት መጽሐፍ አሳትማለች፤ ሃቨርፎርድ ግን ለአንደኛ ዓመት ሴቶች በሩን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ሦስት መቶ ዓመት ቃሉ በአግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲጠብቅ ኖረ።

*ሃቨርፎርድ በሩን ለአንደኛ ዓመት ሴቶች የከፈተው ከፌል መጽሐፍ ሦስት መቶ ዓመት በኋላ ነው።*

የቀላል ኑሮ ዋጋ

ከኩዌከር ዕሴቶች አንዱ ቀላል ኑሮ ነው፤ ጌጥ አታብዛ፣ የማያስፈልግህን አትያዝ። ዛሬ ሃቨርፎርድ ላይ ይህን ለመማር የአንድ ዓመት ክፍያው ብቻ ከ60 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ኮሌጁ ለተቸገረ ተማሪ ብዙ እንደሚረዳ እውነት ነው፤ ቢሆንም ተቺዎቹ ነገሩን እያነሡ ይስቃሉ፣ ተማሪዎቹ ራሳቸውም ይስቃሉ። ደበሎ ለባሹ ይህን ቁጥር ቢሰማ ምን ይል ነበር? ቅኔ ይወጣው ነበር፤ ሰሙ ስንዴ፣ ወርቁ ዶላር።

የኛው ቀላል ኑሮም ቢሆን ከሰማይ አልወረደም። ከጀርባው መሬት ነበረ። ደብሩ ርስትና ጉልት ነበረው፤ መምህሩም ካህኑም ከዚያ ይኖሩ ነበር። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ያ መሬት ሄደ፤ ለአራሹ መድረሱ ተገቢ ነበር፤ ጉባኤ ቤቱ ግን ምሰሶው ተነቀለ። ከዚያ ወዲህ የቅኔ ቤት የቆመው በምእመናን ምጽዋት፣ በበጎ አድራጊ ማኅበራት እርዳታና በእማወራዋ ቁራሽ ላይ ነው። እማወራዋም ዘመን ተለውጦባታል፤ ጤፉ ተወድዷል፤ ከተሜው አጥሩን በቆርቆሮ ዘግቶታል፤ በቆርቆሮ በር ላይ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ መጮህ ምን ያህል ይሰማል?

የሚቆጡት ሰዎች ጉዳይ እዚህ ጋ ነው። መምህራንና ወላጆች ሲሟገቱ ደጋግሞ የሚሰማ ክርክር አለ፦ ሕፃን ልጅን በብርድ ማስተኛት፣ በውሻ ማስነከስ፣ ዕሴት ተብሎ አይጠራም፤ ትምህርቱ ጥሩ ከሆነ በልቶም ይማረዋል። የቀድሞ ተማሪዎች ደግሞ ምግብ ቤት የተሠራለት ጉባኤ ተማሪው አዳሪ ትምህርት ቤት እንደገባ ልጅ ሆነ፣ ለሰው ደጅ ባዕድ ሆነ ብለው ያማርራሉ። እኔ ልጁ ይብላ ባይ ነኝ። የአኩፋዳው ትምህርት ሳይራቡ ሊገኝ የሚችልበት መንገድ መፈለግ አለበት፤ እንዴት እንደሆነ ግን የነገረኝ ሰው የለም።

በዘመናዊው በኩልም ተመሳሳይ ፍለጋ ነበረ። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ገጠር ወጥተው እንዲያገለግሉ ተደረገ፤ የመኳንንት ልጅ የገበሬ ቤት አደረ። ያም አኩፋዳ ነበር፤ በኋላ ተረሳ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት መለሱ፤ ኢንጂነር የሚሆነውም ስለ አመክንዮ፣ ስለ ታሪክ፣ ስለ ሰው ልጅ ማኅበረሰብ ይማር ተባለ። ሐሳቡ የሊበራል አርትስ ነው። መማሪያው ክፍል ግን መቶ ሰው የታጨቀበት ነው፤ ተማሪው ከጎኑ የተቀመጠውን ስም ሳያውቅ ሴሚስተሩ ያልቃል። ሎጂክን በማጉያ ማስተማር ይቻላል፤ የታመመ ጓደኛህ እራት መብላቱን ማጣራት ግን በማጉያ አይሰጥም።

ሰላምን ሳላነሣ ብቀር የኩዌከርን ነገር ጨረስኩ አይባልም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል የተኩስ ድምፅ የተማሪ ድምፅን ውጦታል፤ ብዙ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል። ጎጃም ጀግና የሚያወድስ አገር ነው፤ ቅኔውም ያወድሳል፤ እንደ ኩዌከር መሣሪያ አልይዝም ለሚል ሰው ስም እንኳ አላወጣንለትም። ተማሪው ግን ከድሮም የያዘው ዱላ ለውሻ ብቻ ነው። ከሩቅ አገር እየመጣ በማያውቀው ሰው ደጅ ለመቆም መንገዱ መከፈት አለበት፣ ደጁም እንግዳን የማይፈራ መሆን አለበት።

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ተማሪዎቹ ወደ ጎጇቸው ይመለሳሉ። አኩፋዳው ይዘረገፋል፤ የጤፍ፣ የገብስ፣ የበቆሎ እንጀራ፣ ከአሥራ አምስት ቤት የመጣ፣ አንዱ የትናንት፣ አንዱ ገና ትኩስ። ቁራሹ ይቀላቀላል፤ የትኛው ከማን አኩፋዳ እንደወጣ አይለይም። ያልወጣው ታማሚ ድርሻው ይነሣለታል። ኩራዝ ካለ ይበራል፤ ከሌለ ግድ የለም፤ የሚነበብ ነገር የለም። በልተው ሲጨርሱ ጥግ ላይ የተኛው ጀማሪ፣ ቀን ጫካ ውስጥ አልመጣ ያለውን ሁለተኛ ስንኝ በዝግታ ይሞክራል። ከጨለማው ውስጥ ሌላ ድምፅ ግሱን ያርምለታል። እንደገና ይሞክራል።